የደም ጽሑፍ፦ የነጻነት ምልክት የባርነት ማኅተም ሆኖ ሲገኝ

አንድ ሕዝብ አገሩን፣ ቋንቋውንና ቤተ መቅደሶቹን አጥቷል እንበል። ከአባቶቹ ዘመን የተረፈለት ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ በፊቱ ላይ የሚነቀሰው ምልክት ነው። ሕዝቡ ይህን ምልክት «አልተገዛንም» ለማለት ለዘመናት ተሸክሞት ኖሯል። አንድ ቀን ግን የቀድሞውን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ይመጣና፣ ምልክቱ በመጀመሪያ ጌቶች ባሮቻቸውን ለመለየት ያተሙት ማኅተም እንደ ነበር ይነግረዋል። ይህ ሕዝብ ፊቱን ምን ያድርገው?

ጥያቄው የተነሣው በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ባወጣቸው «ድራጎን ኤጅ» የተሰኙ ተከታታይ ጨዋታዎች፣ ዳሊሽ የሚባሉ ኤልፎች ፊታቸውን ይነቀሳሉ። ንቅሳቱ ቫላስሊን ይባላል፤ ትርጉሙም «የደም ጽሑፍ» ማለት ነው። ዓለሙ ምናባዊ ቢሆንም ጥያቄው ምናባዊ አይደለም። ግሪኮችና ሮማውያን፣ ከ1915 እልቂት የተረፉ አርመናውያን ሴቶች፣ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች፣ ከጎንደር ወደ እስራኤል የተሻገሩ ቤተ እስራኤላውያንም በየራሳቸው መንገድ ተጠይቀውታል። ጨዋታው ለታሪክ አንባቢ የሚጠቅመው በእውነተኛው ዓለም ተበታትኖ የሚገኘውን ክርክር በአንድ ፊት ላይ ሰብስቦ ስለሚያሳይ ነው።

የተሸነፉት ሰዎች ታሪክ

የጨዋታው ዓለም ቴዳስ ይባላል። በሌሎች ምናባዊ ድርሰቶች ኤልፎች ብዙውን ጊዜ ረጅም ዕድሜ ያላቸውና የተከበሩ ናቸው፤ በቴዳስ ግን ድኾችና የተናቁ ናቸው። ራሳቸው እንደሚተርኩት ጥንት አርላታን የተባለች ታላቅ ከተማ ነበረቻቸው፤ ሞትንም አያውቁም ነበር። በኋላ ቴቪንተር የተባለው የሰዎች ግዛት ከተማይቱን አፍርሶ ሕዝቡን ባሪያ አደረገ። ከዘመናት በኋላ አንድራስቴ የተባለች ሴት በቴቪንተር ላይ ስታምፅ፣ ሻርታን የተባለ ኤልፍ ባሮቹን አስነሥቶ አብሯት ተዋጋ። ለዚህም ውለታ ዴልስ የሚባል ምድር ለኤልፎች ተሰጠ። ሁለተኛው አገራቸውም ግን አልጸናም። በአንድራስቴ ስም የተቋቋመው ቻንትሪ የተባለ የሃይማኖት ተቋም የቅዱስ ጦርነት አዋጅ አስነግሮ ዴልስን አጠፋ።

ከሽንፈቱ በኋላ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የአሸናፊዎቹን ሃይማኖት ተቀብሎ በሰዎች ከተሞች ውስጥ፣ በግንብ በታጠሩ ሰፈሮች መኖር ጀመረ። ሌላው ወገን አልገዛም ብሎ በየጎሣው ወደ ዱር ወጣ። ዳሊሽ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ስማቸውም ከጠፋው ዴልስ የተወሰደ ነው። ሸራ በተዘረጋባቸው ጋሪዎች ከደን ወደ ደን ይዘዋወራሉ። እያንዳንዱ ጎሣ «ጠባቂ» በሚባል መሪ ይመራል። ጠባቂው አስማተኛም አስተዳዳሪም ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን የጠፋውን ቋንቋና ታሪክ ፍርፋሪ ለቅሞ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስተላለፍ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። የጨዋታው ታሪክ አብዛኛው የሚገኘው በዓለሙ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች ስም በተጻፉ አጫጭር ሰነዶች ነው። የቻንትሪ ሊቃውንት የጻፉት አለ፤ የዳሊሽ ጠባቂዎች የተናገሩትም አለ። ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ታሪክ ተመራማሪ ምንጮችን እያነጻጸረ፣ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ጥቅምና ወገን እየመዘነ ነው የሚጓዘው። የቫላስሊን ነገርም ያለዚህ አይገባም።

በዝምታ የሚቀበሉት ምልክት

ዳሊሾች ቫላስሊንን የሚቀበሉት ከልጅነት ወደ አዋቂነት ሲሻገሩ ነው። ተነቃሹ አስቀድሞ ስለ አማልክቱና ስለ ሕዝቡ ሥርዓት ያሰላስላል፤ ሰውነቱንና ቆዳውን ያነጻል። ጊዜው ሲደርስ ጠባቂው ንቅሳቱን ይጽፍለታል። ሥርዓቱ በፍጹም ዝምታ መፈጸም አለበት፤ በሕመሙ መጮኽ የድካም ምልክት ነው። ተነቃሹ መታገሥ ካልቻለ ጠባቂው ሥራውን ያቆማል፤ ልጁም ለአዋቂነት ገና አልደረሰም ተብሎ ይቆያል። እያንዳንዱ ንድፍ ከሕዝቡ አማልክት ለአንዱ ክብር የሚሰጥ ነው፤ ለፍትሕና ለእናትነት አምላክ ለሚታል፣ ለአማልክቱ አባት ለኤልጋርናን፣ ለአደን አምላክ ለአንድሩይል፣ ለሌሎቹም እንዲሁ።

በግንብ በታጠረው ሰፈር የሚኖሩት የከተማ ኤልፎች ይህን ንቅሳት አይነቀሱም። ስለዚህ ምልክቱ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ተሸካሚው አዋቂ መሆኑን፣ የአባቶቹን አማልክት እንደሚያመልክና ካልተገዙት ወገን መሆኑን። ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ይወርዳል፤ መጽሐፍ ይቃጠላል፤ ከተማ ይፈርሳል። ፊት ላይ የተጻፈ ግን ተሸካሚው እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። አገር ለሌለው ሕዝብ ቆዳው ቤተ መዛግብቱ ይሆናል። ዳሊሽ ጎልማሳ ወደ ሰዎች ከተማ ሲገባ ማንነቱን ሊሸሽግ አይችልም፤ መሸሸግ አለመቻሉም የቃል ኪዳኑ አካል ነው።

የተከታታዩ ሁለት የመጀመሪያ ጨዋታዎች፣ የ2009ኙና የ2011ዱ፣ ይህን ትርጉም ሳይነኩት አለፉ። ዳሊሾች ስለ ራሳቸው የሚሉት እውነት ሊሆን እንደሚችል፣ ቢያንስ በእነርሱ ዘንድ የጸና እንደ ሆነ ተጫዋቹ ለአምስት ዓመት ያህል ለመደ።

ከምስክሩ አፍ

በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢንኩዊዚሽን» የተባለው ሦስተኛ ጨዋታ ይህን ሁሉ አናጋው። በዚህ ጨዋታ ሶላስ የሚባል ብቸኛ ኤልፍ አለ፤ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ ዳሊሾችን በታሪክ አላዋቂነት ይነቅፋል። ተጫዋቹ ላቬላን ከሚባለው የዳሊሽ ጎሣ የመጣች ሴት ሆኖ ከሶላስ ጋር የፍቅር ግንኙነት ከጀመረ፣ አንድ ምሽት ሶላስ ለብቻዋ ወስዶ እውነቱን ይነግራታል። በጥንቱ የኤልፎች መንግሥት ውስጥ ቫላስሊን የባሪያ ምልክት ነበር፤ መኳንንቱ የሚያገለግሏቸውን አማልክት ለማክበር ምልክቱን በባሮቻቸው ፊት ላይ ያትሙ ነበር። ከፈቀደች በአስማት ሊያጠፋላት ይችላል። ተጫዋቹ እሺ ወይም እምቢ ሊል ይችላል። ሶላስ ግን በየትኛውም ምርጫ ግንኙነቱን በዚያው ሰዓት ያቋርጣል።

የዚህ ዜና ክብደት በንቅሳቱ ብቻ አያበቃም። በዚያው ጨዋታ በሚታል ቤተ መቅደስ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቁ የኖሩ ኤልፎች ይገኛሉ። መሪያቸው አቤላስ ሌላ ነገር ይገልጣል፤ የኤልፎችን መንግሥት የጣለው ቴቪንተር አይደለም። ኤልፎቹ እርስ በርሳቸው ተዋግተው ወድቀዋል፤ ቴቪንተር የደረሰው ፍርስራሹን ለመልቀም ነው። ሁለቱ ዜናዎች ሲገጣጠሙ የዳሊሾች ብሔራዊ ትረካ ከሥሩ ይነቀላል። ትረካቸው አንድ ጠላት ነበረው፤ እርሱም ከውጭ የመጣ ነበር። ወርቃማው ዘመን ሁሉም ነጻ የነበረበት ዘመን ነበር። አሁን ግን በዚያ ወርቃማ ዘመን ብዙዎቹ አባቶቻቸው ባሮች እንደ ነበሩ፣ ጌቶቹም የገዛ ወገኖቻቸው እንደ ነበሩ ይሰማሉ። ስለ ጥንት ታላቅነቱ የሚዘምር ማንኛውም ሕዝብ «በዚያ ታላቅነት ውስጥ የእኛ አያቶች ከየትኛው ወገን ነበሩ?» ብሎ ለመጠየቅ ይቸገራል። ዳሊሾች ይህን እንዲጠይቁ ያስገደዳቸው በፊታቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «ትረስፓሰር» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ምስጢሩን ገልጦ ጨረሰው። አማልክት የተባሉት ኃያላን አስማተኞች ነበሩ እንጂ አማልክት አልነበሩም። ሶላስም ራሱ ዳሊሾች በአታላይነት የሚረግሙት፣ ሐውልቱን በሰፈራቸው ዳር ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው የሚያቆሙት ፌንሃሬል ነው። ፌንሃሬል በባርነት ላይ ያመፀ፣ ባሮችን ወደ መሸሸጊያው አምጥቶ ምልክቱን ከፊታቸው ያጠፋ ነበር፤ በመሸሸጊያው ግድግዳ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች ይህን ያሳያሉ። ነገር ግን እነዚያን «አማልክት» ለማሰር ዓለምን ከአስማት ዓለም የሚለየውን መጋረጃ የፈጠረው፣ በዚህም የኤልፎችን ዘላለማዊ ሕይወትና ሥልጣኔ ያጠፋው እርሱ ነው። ነጻ አውጪውና አጥፊው አንድ ሰው ነው።

እንግዲህ የምስክርነቱን ሁኔታ መመዘን ያስፈልጋል። ሶላስ ስለ ንቅሳቱ የተናገረው እውነት ነው፤ ጨዋታው ይህን በሌሎች ማስረጃዎች ያረጋግጣል። ነገር ግን እውነቱን የተናገረው ለአንዲት ሴት፣ በምስጢር፣ ማንነቱን ደብቆ ነው። ጎሣዎቹን ሰብስቦ፣ ከጠባቂዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ ማስረጃውን አቅርቦ እንዲመክሩበት አላደረገም። ዳሊሾች የማያውቁትን ስለማያውቁ ይንቃቸዋል፤ እንዳያውቁ ካደረጋቸው ጥፋት ውስጥ ግን ትልቁ ድርሻ የራሱ ነው። የሚያቀርበውም መፍትሔ ማጥፋት ብቻ ነው። እውነት መናገርና የሰዎችን መብት ማክበር አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስቲግማ፦ የአንድ ቃል ጉዞ

የጨዋታው ደራሲያን ያሰቡት የትኛውንም ሕዝብ ይሁን፣ ባሪያን በፊቱ ላይ መነቀስ የፈጠራ ነገር አይደለም። በጥንቱ የግሪክ ቋንቋ «ስቲግማ» በመውጋት የተጻፈ ምልክት ማለት ነበር። ሄሮዶቶስ እንደሚተርከው እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 በቴርሞፒሌ ለፋርሶች እጃቸውን የሰጡ የቴብስ ሰዎች በንጉሥ ዜርክሲስ ትእዛዝ የንጉሡ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ግሪኮችም በተለይ የሸሹና የተያዙ ባሮችን ይነቅሱ ነበር። ሮማውያን ልማዱን ወርሰው በባሮችና በወንጀለኞች ላይ ተጠቀሙበት። ቃሉ ዛሬም አልሞተም። በጤናና በልማት ድርጅቶች ውስጥ የሠራ ሁሉ «መገለልና መድልዎ» ተብሎ የሚተረጎመውን ሐረግ ያውቀዋል። በዚያ ሐረግ «መገለል» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከባሪያው ግንባር የተወለደ ነው።

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ316 እ.ኤ.አ. ገደማ ባወጣው ሕግ ወደ ማዕድን ማውጫ ወይም ወደ ትግል ሜዳ የተፈረደባቸው ሰዎች ፊታቸው ላይ ምልክት እንዳይደረግባቸው ከለከለ። ምክንያቱም ፊት በሰማያዊው ውበት አምሳል የተሠራ ነው የሚል ነበር። ሕጉ ግን ምልክቱን ፈጽሞ አላስቀረም፤ በእጅና በባት ላይ እንዲደረግ ፈቀደ። የለውጥ ሕግ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፤ ጭቆናውን ትቶ የሚታይበትን ቦታ ያዛውራል።

ከዚያ ከሁለት መቶ ተኩል ዓመት በፊት ግን ሌላ ዓይነት ለውጥ ተጀምሮ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ፣ በሥጋው ላይ የኢየሱስን ምልክት እንደሚሸከም ሲናገር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ያው «ስቲግማታ» ነው። ስለ ንቅሳት ሳይሆን በስደት ስለ ደረሰበት የግርፋት ጠባሳ ይመስላል የሚናገረው። ቢሆንም አንባቢዎቹ ቃሉ የባሪያ ምልክት ማለት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ጳውሎስም ራሱን የክርስቶስ ባሪያ ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። የውርደቱን ቃል እያወቀ አነሣው፤ ጌታውን በመለወጥም ክብር አደረገው። በስድስተኛው መቶ ዘመን የጋዛው ፕሮኮጲዮስ እንደሚመሰክረው ብዙ ክርስቲያኖች በእጃቸው ላይ መስቀልን ወይም የክርስቶስን ስም ይነቀሱ ነበር።

ጳውሎስና ዳሊሾች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ጳውሎስ ምልክቱን መልሶ የወሰደው ትርጉሙን እያወቀ ነው። ዳሊሾች ግን መልሰው አልወሰዱትም፤ ረስተውታል። የባሪያ ልጆች ከጥፋቱ በኋላ የወላጆቻቸውን ፊት ትዝታ ይዘው ቀሩ፤ ያ ፊት የጠፋው ዘመን ብቸኛ ቅሪት ስለሆነ ቅዱስ ሆነ። ሁለቱ መንገዶች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የውርደት ምልክት የክብር ምልክት ሆኗል። በውስጣቸው ግን አንዱ ውሳኔ ነው፤ ሌላው አደጋ።

አንድ ምልክት፣ ሁለት አንባቢ

ሶላስ ያላነሣው ሌላም ጉዳይ አለ። የምልክት ትርጉም በጻፈው ሰው ብቻ አይወሰንም፤ የሚያነበው ማኅበረሰብም ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ1851 ዛሬ አሪዞና በሚባለው ምድር የአንድ ነጭ ሰፋሪ ቤተሰብ ጥቃት ደረሰበት። ኦሊቭ ኦትማን የተባለች ልጅ ከታናሽ እህቷ ጋር ተማረከች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም ለሞሃቪ ሕዝብ ተሰጡ። እህቷ በረሃብ ሞተች፤ ኦሊቭ በ1856 ወደ ነጮቹ ስትመለስ በአገጯ ላይ ሰማያዊ ንቅሳት ነበራት። በ1857 አንድ ቄስ ታሪኳን ጽፎ አሳተመ፤ እርሷም እየተዘዋወረች ንግግር ታደርግ ነበር። ለአሜሪካ ሕዝብ የቀረበው ማብራሪያ ንቅሳቱ የባርነት ምልክት ነው የሚል ነበር። በሞሃቪዎች ዘንድ ግን የአገጭ ንቅሳት የራሳቸው ሰዎች የሚነቀሱት፣ ከሞት በኋላ አባቶች የራሳቸውን ሰው የሚለዩበት ምልክት ነበር። ሞሃቪዎቹ «የእኛ ነሽ» ብለው የጻፉትን ነጮቹ «ንብረታችን ነሽ» ብለው አነበቡት።

በአርመናውያን ታሪክ ግን ንባቡ የተገላቢጦሽ ነው። ከ1915 እልቂት የተረፉ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች ተይዘው ወይም ተሸጠው በበረሃ ጎሣዎች ቤት ገቡ፤ እንደ ጎሣዎቹ ሴቶች ልማድም ፊታቸውና እጃቸው ላይ ሰማያዊ ንቅሳት ተደረገላቸው። ለነቃሾቹ ምልክቱ የውበትና የቤተሰብነት ነበር። ለተነቀሱት ግን ያልመረጡት ሕይወት ምስክር ሆነ። በ1920ዎቹ ዴንማርካዊቷ ካረን ዬፔ በመንግሥታት ማኅበር ስም በሐለብ ከተማ በመራችው የመጠለያ ቤት ከተቀበሏቸው መካከል ብዙዎቹ ይህ ምልክት ነበረባቸው። ወደ ወገኖቻቸው የተመለሱት አንዳንዶቹ አስፋቁት፤ ሌሎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሸሸጉት። ሱዛን ካርዳልያን በ2011 በሠራችው «የአያቴ ንቅሳት» በተባለ ጥናታዊ ፊልም እንደሚታየው የልጅ ልጆች አያታቸውን ስለ ምልክቱ ለመጠየቅ እንኳን ይፈሩ ነበር። ምልክቱን ያስቀመጡት ሰዎች በጎ አሳብ ነበራቸው ማለት የተነቀሰችውን ሴት ሕመም አይሽረውም።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፍርዱ ቀላል አይሆንም። በአንዱ የማኅበረሰብ አባልነት በውጭ ሰዎች ዘንድ ባርነት ተብሎ ተነበበ፤ በሌላው ምርኮ በነቃሾቹ ዘንድ አባልነት ተብሎ ተጻፈ። በሁለቱም ዘንድ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባት ምልክቱን የተሸከመችው ሴት ነበረች፤ በሁለቱም ዘንድ ሌላ ሰው ቀድሟት ተናገረ።

ማን ያጥፋው?

የሶላስ ስጦታ ማጥፋት ነው። በእውነተኛው ታሪክ ይህን ስጦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው መንግሥት ነው፤ ሲያቀርብም እምቢ ለማለት ቦታ አይተውም። የጃፓን የሜጂ መንግሥት በ1871 እ.ኤ.አ. በሆካይዶ የሚኖሩትን የአይኑ ሴቶች የከንፈር ዙሪያ ንቅሳት ከለከለ። ለአይኑ ሴት ያ ንቅሳት ለጋብቻ መድረሷን የሚያሳይ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ሥልጣኔ ነበር፤ ክልከላው ግን የአይኑን ምድርና ሕዝብ ወደ ጃፓን የማጠቃለሉ ሥራ አንድ ክፍል ነበር።

በኒውዚላንድ ታሪኩ ሌላ መጨረሻ አገኘ። ሞኮ የሚባለው የማኦሪዎች የፊት ንቅሳት የትውልድ ሐረግንና ማዕረግን የሚናገር ነው። በ1840 ከብሪታንያ ዘውድ ጋር በተደረገው የዋይታንጊ ውል ላይ አንዳንድ አለቆች የፈረሙት የሞኮአቸውን ንድፍ በመሣል ነበር። ፊታቸው ፊርማቸው ነበር። ልማዱ በቅኝ አገዛዝ ዘመን ተዳክሞ በሃያኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንደ ገና አንሠራራ። ናናያ ማሁታ በ2016 የሴቶችን የአገጭ ሞኮ ተነቅሳ በምክር ቤቱ ተቀመጠች፤ በ2020 የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ውል ላይ የሠፈረው ንድፍ መንግሥቱን ወክሎ ውል ወደሚፈርም ፊት ተመለሰ። ይህን ያደረገው አዋጅ አልነበረም፤ ተሸካሚዎቹ ታሪኩን መርምረው፣ የቀሩትን ባለሙያዎች ፈልገው፣ በራሳቸው ውሳኔ ያደረጉት ነው።

ከግንባር እስከ አንገት

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲያነብ የአያቱ ፊት ትዝ ሳይለው አይቀርም። በሰሜን ኢትዮጵያ የግንባር መስቀል፣ የአገጭና የአንገት ንቅሳት፣ የጠቆረ ድድ እስከ ቅርብ ትውልድ ድረስ የተለመደ የሴቶች ጌጥ ነበር። በእሾህ ወይም በመርፌ እየተወጋ በጥላሸት የሚሠራው ይህ ንቅሳት አንድ ትርጉም ብቻ አልነበረውም። ለአንዷ እምነት፣ ለሌላዋ ቁንጅና፣ ለሦስተኛዋ የእንቅርት መድኃኒት ነበር። ከተማ የገቡ ልጆች «ኋላ ቀር» እንዳይባሉ የፈሩበት ጊዜም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በዋሽንግተንና በስቶክሆልም የሚኖሩ የልጅ ልጆች ያንኑ ንድፍ በራሳቸው ቆዳ ላይ ሲፈልጉት ይታያል።

የጥያቄው ጥልቀት በይበልጥ የሚታየው በቤተ እስራኤል ዘንድ ነው። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀራርበው ከኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች መካከል በግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ይዘው እስራኤል የገቡ አሉ። በትውልድ መንደር የዘመኑ ጌጥ ወይም ከጎረቤት ጋር ተመሳስሎ የመኖር ዘዴ የነበረው ምልክት፣ አይሁዳዊነታቸው በሌሎች ሲመረመር በኖረባት አገር ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሆነ። ቆዳው አልተለወጠም፤ የአንባቢው አገር ተለወጠ። ለእንዲህ ያለች ሴት «ምልክቱ መጀመሪያ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ «እርስዋ ማን ናት?» ለሚለው ግን ያ መልስ አይበቃም።

ማወቅ የሚሰጠው ምርጫ

ወደ ዳሊሾች እንመለስ። በቫላስሊን ላይ ሁለት ቀላል መልሶች ይሰነዘራሉ። አንደኛው ምንጩ ርኩስ ከሆነ ምልክቱም ርኩስ ነው፤ ይጥፋ የሚል ነው። ይህ መልስ የመጀመሪያውን ጌታ የመጨረሻ ተርጓሚ ያደርገዋል፤ ባሪያውን ያተመ ሰው ከሺህ ዓመት በኋላም በልጅ ልጆቹ ፊት ላይ የመናገር መብት ያገኛል። ሁለተኛው ዛሬ የምንሰጠው ትርጉም ይበቃል፤ የጥንቱ አያገባንም የሚል ነው። ይህም መልስ በምልክቱ ሥር የኖሩትን ባሮች ለሁለተኛ ጊዜ ይቀብራቸዋል። የዳሊሾች መሐላ ከእንግዲህ አንገዛም የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የተገዙትን አባቶቻቸውን ማስታወስ የመሐላው እንጂ የጠላት ሥራ አይደለም።

ከሁለቱ የሚሻለው መንገድ ራሱ ጨዋታው ውስጥ ተቀምጧል። በሚታል ቤተ መቅደስ የቆሙት አቤላስና ጓዶቹ ምልክቱን ይዘዋል፤ ትርጉሙንም ያውቃሉ፤ አገልግሎታቸውንም የራሳቸው አድርገው ይቆጥሩታል። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ ቬይልጋርድ» ደግሞ የጥንት «አማልክት» በእውነት ተመልሰው ዓለምን ሲያጠፉ፣ የእነርሱን ምልክት በፊታቸው የተሸከሙ ዳሊሾች ከፊት ቆመው ይዋጓቸዋል። ጌታው ራሱ ተመልሶ ምልክቱን ሲያይ፣ ምልክቱ የታዛዥነት መሆኑ አብቅቷል።

እንግዲህ የቫላስሊን ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ እውነቱ ከመታወቁ በፊት ዳሊሾች ምልክቱን መርጠውት አያውቁም ነበር። የወረሱትን ብቻ ነበር የሚሸከሙት። የምንጩ መገለጥ ትውፊቱን ያፈረሰ ቢመስልም ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጫ ያደረገው እርሱ ነው። ምልክቱን የምታስጠፋ ሴት የአባቶቿን ባርነት እንቢ አለች፤ ምልክቱን የምታስቀር ደግሞ ጌቶቹን ከትርጉሙ አባረረች። ሁለቱም ነጻ የሚሆኑት ግን ሁሉን ካወቁ በኋላ ነው።

ከዚህ ለምልክት ጉዳይ ፖሊሲ ለሚያወጡ፣ ስለ ሰንደቅ፣ ስለ ሐውልት፣ ስለ ስምና ስለ በዓል ለሚከራከሩ ሁሉ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። የምንጩ እውነት ለተሸካሚው ማኅበረሰብ በይፋ፣ በማስረጃና በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ በጆሮ ሹክ የተባለ እውነት የተናጋሪው መሣሪያ ይሆናል። እውነቱን የሚናገረው ወገን በጥፋቱ ውስጥ የነበረውን ድርሻ አብሮ ይናገር፤ ሶላስ ይህን ስላላደረገ እውነቱ እንኳ አልታመነለትም። ማጥፋትም ማስቀረትም ለተሸካሚው ይተው፤ ጊዜም ይሰጠው።

የዳሊሽ ልጅ ንቅሳቱን የምትቀበለው በዝምታ ነው። ከእንግዲህ ግን ጠባቂው መርፌውን ከማንሣቱ በፊት የጌቶቹንም የባሮቹንም ታሪክ ሊነግራት ይገባል። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ብትቀመጥ ዝምታዋ የታገሠችውን ሕመም ብቻ አይናገርም፤ የመረጠችውንም ይናገራል።